ከዊንዶው ጋር የሚመጣው አንቲቫይረስ ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል?

መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

ቤታችን አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ አለ። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። እኔ የፈተና ጥያቄ አዘጋጅበታለሁ። ልጆቼ ያጠኑበታል፣ ቅዳሜና እሑድ ፊልም ያዩበታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና በፍላሽ ይዤ ፕሪንት ላስደርግ ፒያሳ ሄድኩ። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ሲከፍተው ፋይሎቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ሲጫናቸው አይከፈቱም። የአንድ ወር ሥራ ነበር። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ኮምፒውተሩን አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ፎርማት አድርገው፣ ዊንዶውንም ኦፊሱንም ጭነው መለሱልኝ። ሲያስረክቡኝ «ዊንዶው ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ ለስም ነው፤ የሚከፈልበትን በየዓመቱ ካልገዛሽ ተመልሶ ይይዘዋል» አሉኝ። በመምህር ደመወዝ ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም።

እና እውነት አይረባም? ፋየርዎል የሚባለውስ ለብቻው የሚጫን ነገር ነው? ኢንተርኔት የምንጠቀመው ከስልኬ ዳታና ከግቢው ዋይፋይ ነው። ዋይፋዩን አራት ተከራይ ሆነን ነው የምንጋራው።


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ማታ 3፡25

መምህርት፣ አይዞዎት። ኮምቦልቻ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። አንቲቫይረስም እሸጣለሁ። ለቤት ኮምፒውተር ግን አልሸጥልዎትም፤ አያስፈልግዎትም።

«ለስም ነው» የሚለው ወሬ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ዲፌንደር፣ ማለትም ዊንዶው ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ በቪስታና በዊንዶውስ 7 ጊዜ እውነትም ሙሉ አንቲቫይረስ አልነበረም። የሚይዘው የስለላ ሶፍትዌርና መሰሎቹን ብቻ ነበር። ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ ከዊንዶው ጋር መምጣት የጀመረው በዊንዶውስ 8 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። መጀመሪያ ላይም ደካማ ነበር። ያኔ እኔም ደንበኞቼን «ሌላ ጫኑበት» እል ነበር።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመን አገር ማግደቡርግ ከተማ ኤቪ ቴስት የሚባል መርማሪ ተቋም አለ። አንቲቫይረሶችን እያወዳደረ ይፈትናል። ለጥበቃ 6፣ ለፍጥነት 6፣ ለአጠቃቀም 6 ይሰጣል። ድምሩ 18 ነው። ዲፌንደር ባለፉት ዓመታት 18 ከ18 ያገኘባቸው ዙሮች ብዙ ናቸው። የሚከፈልባቸው ታዋቂዎቹም የሚያመጡት ይህንኑ ነው።

ፋየርዎሉም፣ ከኔትወርክ ሳይጠራ የሚመጣውን የሚያግደው ማለት ነው፣ እዚያው አለ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ፣ በርቶ ነው የሚመጣው። ምንም አይጫኑ። መብራቱን ብቻ ያረጋግጡ።

ታች ሰዓቱ አጠገብ ጋሻ የምትመስል ምልክት አለች። ይጫኗትና ምን ቀለም እንዳለባት ይንገሩኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። ያ ሾርትከት የሆነው ፍላሽ የት ነው? ፎርማት አድርገውታል?


ኪዮት_4ኛዓመት (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ቲቸር፣ ስማዳቭ ጨምሪበት። ካምፓስ ውስጥ ሁላችንም የምንጠቀመው እሱን ነው። ለፍላሽ ቫይረስ አሪፍ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ዳታም አይበላም።


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ወንድሜ፣ ስማዳቭን አልጠላውም። ኢንዶኔዥያ የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዋናው አንቲቫይረስ ጎን የሚቆም ተጨማሪ ጥበቃ ነው ይላሉ። ችግሩ እኛ ጋ ሰው ዋናውን አጥፍቶ እሱን ብቻ ይዞ መቀመጡ ነው። ካለ ይኑር፤ ዲፌንደርን ግን አይተካም።

ሁለት ሙሉ አንቲቫይረስ በአንድ ማሽን ላይ መጫን ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው። ሌላ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ቦታ ይለቃል። ሁለት ሌሎች ከተጫኑ ግን አንድ ፋይል ለመክፈት ሁለቱም ይሻማሉ፤ ማሽኑ ይንቀረፈፋል።


ሒሳብ_ሸዋበር (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡05

በዚህ ላይ ትንሽ ልለያችሁ። እኔ የምሠራበት ቢሮ የሚከፈልበት ነው የምንጠቀመው፤ አልተጸጸትንም። አሥራ አራት ኮምፒውተር አለ። የትኛው አፕዴት እንዳልተደረገ፣ የቱ ላይ ቫይረስ እንደተያዘ፣ አንድ ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ያያል። ዋጋው ለዚያ ነው የሚወጣው። «የሚከፈልበት ማታለያ ነው» ብሎ መደምደም ልክ አይመስለኝም።


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

እስማማለሁ። ለቢሮ እኔም የምመክረው እሱን ነው። መምህርት ግን አንድ ማሽን ነው ያላቸው። የሚያዩት አንድ ስክሪን ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ነፃዎቹም ልናገር። ነፃ ተብሎ የሚወርድ የሌላ ድርጅት አንቲቫይረስ ወጪውን ከሆነ ቦታ ማግኘት አለበት። አንዳንዱ በየቀኑ «ግዛኝ» እያለ ይነዘንዛል። ከዚያ የባሰም ታይቷል። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በሚባለው እህት ድርጅቱ በኩል ሲሸጥ ነበር። ጃምፕሾት እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘጋ። በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አቫስትን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። የቤትህ ዘበኛ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ እየመዘገበ ገበያ ላይ ሲሸጠው ማለት ነው።


መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ጋሻዋን አየኋት። አረንጓዴ ናት፣ ውስጧ የራይት ምልክት አለ። ሁሉም ደህና ነው ይላል። ፋየርዎሉም በሦስቱም የኔትወርክ ዓይነቶች ላይ በርቷል።

ግን አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ትልቁ ልጄ ፊልም የሚያመላልስበት ፍላሽ አለው። ሲሰካው ቀኝ ጥግ ላይ «ትሬት ፋውንድ» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ከዚያ አጸዳሁ ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ዛሬ ብቻ ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። ፍላሹን ነቅሎ ሲመልሰው ቀስቶቹ ተመልሰው አሉ። ፎርማት ከተደረገ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ጥገና ቤቱ ያለኝ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

የድሮውን ፍላሽ ፎርማት አላደረግኩትም። አንጀቴ እምቢ አለኝ። ከሲኒዎቹ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።


እሙ_ሆጤ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55

አብሽሪ እህቴ፣ ያ ፍላሽ ካለ ተስፋ አለ። እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ የኔም እንዲሁ ሆኖ ተመልሶልኛል። ጠጋኙ ይንገርሽ፣ እስከዚያው አትንኪው።


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

መምህርት፣ የጻፉት ነገር ብዙ ነገር ነገረኝ። አንቲቫይረሱ ፍላሹ ላይ ያለውን እያጠፋ ነው። ተመልሶ የሚጽፈው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ውስጥ ያለውን ለምን አያየውም? አንድ ጥርጣሬ አለኝ።

እንዲህ ያድርጉ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ይክፈቱ። ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ይግቡ። ማኔጅ ሴቲንግስ የሚለውን ይጫኑ። እስከ ታች ይውረዱ። ኤክስክሉዥንስ የሚል አለ። እሱ ውስጥ ሲገቡ ዝርዝር ካለ አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። ባዶ መሆን ነበረበት።


መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48

ባዶ አይደለም። ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው አንድ ረጅም የፎልደር ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ኦፊስ አክቲቬተር ይላል። ሁለተኛው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «ሲ»፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ዘመም ያለ ሰረዝ። ሌላ ምንም የለበትም።


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

በጣም አዝናለሁ። እሱ ነው ነገሩ።

ኤክስክሉዥን ማለት «ይህን ቦታ አትፈትሽ» ማለት ነው። ሲ ደግሞ ዊንዶውም፣ ፕሮግራሞቹም፣ የእርስዎ ዶክመንትና ዳውንሎድም ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ አንቲቫይረሱን ሳያጠፉት ዓይኑን አስረውታል። ጋሻዋ ለዚህ ነው አረንጓዴ ሆና የቆየችው። ኤክስክሉዥን ቀለሟን አይቀይረውም።

ለምን እንደሚደረግ እኔ አውቃለሁ፤ በሙያችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ኦፊስ በክራክ፣ ማለትም ላይሰንስ ሳይገዛ በሚያስከፍት ፕሮግራም፣ ሲጫን ዲፌንደር ክራኩን ይይዘዋል። ጫኚው ቸኩሏል፣ ከኋላው ሦስት ደንበኛ ቆሟል። የክራኩን ፎልደር ብቻ ያስወጣና አሁንም አልሄድ ሲለው ሙሉውን ሲ ያስወጣዋል። ሥራው ሲያልቅ አይመልሰውም። ከዚያ ደንበኛው በቫይረስ ተመልሶ ሲመጣ «አብሮ የመጣው አይረባም» ይባላል። እኔ በሥራዬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ከፍሎ የተከፈተ በር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ልጁ ፍላሹን ይንቀል። ከዚያ ሁለቱንም ኤክስክሉዥን ሪሙቭ ይበሉ። ከዚያ አንቲቫይረሱን አፕዴት ያድርጉት፤ ፕሮቴክሽን አፕዴትስ የሚለው ነው። የግቢው ዋይፋይ ከደከመ ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ ሙሉውን የአፕዴት ፋይል ሌላ ቦታ አውርደው በንጹሕ ፍላሽ ማምጣትም ይቻላል፤ ከመቶ ሜጋባይት ያልፋል። ከሌላ ገጽ ግን እንዳያወርዱት።

መጨረሻ ላይ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚለውን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ዊንዶው ሳይነቃ ነው የሚፈትሸው፤ ስለዚህ ቫይረሱ መደበቅ ይከብደዋል። ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ማሽኑ ካረጀ ትንሽ ይጨምራል። መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ይሽሹ። ከዚያ ፉል ስካን አድርገው ይተኙ።

ክራኩ ሲጠፋ ኦፊሱ ሊያስቸግር ይችላል። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ የወርድ ፋይልም ይከፍታል። አማርኛ ለመጻፍም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረውን መጻፊያ አይጫኑ። ዊንዶው ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ላንጉዌጅ ውስጥ ገብተው አማርኛን መጨመር ብቻ ነው።


ኪዮት_4ኛዓመት (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡22

እኔም አሁን ገብቼ አየሁ። የኔም ላይ ሲ አለ። የጫነልኝ ዶርም ውስጥ ያለ ጓደኛዬ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን እዚሁ ላይ ነው ያለው፣ የአራት ልጅ ሥራ። ይህን ክር ለሁሉም እልካለሁ።


እሙ_ሆጤ (ደሴ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31

የኔ ሁለት ፎልደር አለው እንጂ ሲ የለም። ያም ሆኖ አጠፋኋቸው። ለባለቤቴም ላፕቶፑን አምጣ አልኩት።


መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡40

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስካኑን እያየሁ ነበር። ኦፍላይኑ ሲጀምር ስክሪኑ ተቀየረ፣ አንዲት መስመር ቀስ እያለች ሄደች። ሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ከዚያ ዊንዶው ተነሳ። ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ ስገባ አራት ነገር ይዟል። አንዱ ክራኩ ነው። ሁለቱ «ዎርም» ይላሉ። አራተኛው «ትሮጃን» ይላል።

ፉል ስካኑ ሌሊት 9 ሰዓት አለቀ፣ ተጨማሪ አልተገኘም። ጎህ ሲቀድ የልጁን ፍላሽ ሰካሁት። አንድ ጊዜ «ትሬት ፋውንድ» አለ፣ አጸዳ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አልተመለሰም።

አሁን የኔን ፍላሽ ልሰካ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ይሰኩት፤ ምንም ሾርትከት ግን እንዳይከፍቱ። ዲስ ፒሲ ውስጥ ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ ያድርጉና በዲፌንደር ስካን ያስደርጉት። ፉል ስካን ፍላሽን ሳይነካ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ፍላሽ ሁልጊዜ ለብቻው ነው የሚፈተሸው።

ሲያልቅ ላይ ቪው የሚለውን ይጫኑና ሂደን አይተምስ ላይ ምልክት ያድርጉ። ካልታየ እዚያው ኦፕሽንስ ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። የሾርትከት ቫይረስ ፋይል አያጠፋም። ይደብቅና በስሙ ሐሰተኛ ቀስት ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ሁሉንም አንድ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነው የሚከታቸው። ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።


መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡38

አለ! ስም የለውም። ውስጡ ሁሉም አሉ። ፈተናው፣ የመልስ ቁልፉ፣ የባለፈው ዓመት ማርክ ሊስት፣ የእናቴ ፎቶዎች ጭምር። ስለ እናቴ ፎቶ ለማንም አላወራሁም ነበር። ሙሉውን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ስወርድ ቡና ጀባ እላለሁ።


እሙ_ሆጤ (ደሴ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡45

አልሐምዱሊላህ። እዚህ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ።


ኪዮት_4ኛዓመት (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ቀን 7፡20

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል ይባላል። ታዲያ ዲፌንደሩ ብቻ ምን ይጠቅማል?


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሚደባለቀው።

አንደኛው የቫይረስ መለያው ነው። ዲፌንደር በየቀኑ አዳዲስ ቫይረስ የሚያውቅበት ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ለዊንዶውስ 10 ቢያንስ እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እሰጣለሁ ብሏል። ሁለተኛው የዊንዶው ቀዳዳ መድፈኛ ነው። እሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል።

ቀዳዳው ለምን ይከብዳል? ዋናክራይን አስታውስ። ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቀው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው ዓለምን ያዳረሰው። ማንም ምንም ሳይጫን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኔትወርክ ይሄድ ነበር። መድፈኛው ግን መጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ነበር፣ ሁለት ወር ቀድሞ። በጊዜ አፕዴት ያደረገ ማሽን በዚያ ቀዳዳ አልተገባበትም።

ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 መሄድ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። እኛ ሰፈር ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ አብዛኛው አያሟላም። ለእነሱ ማይክሮሶፍት የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አዘጋጅቷል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ሲንክ ላደረገ ያለ ክፍያ ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ኤንሮል የሚል ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለማጥናትና ለመጻፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶው ፋንታ በነፃ የሚጫን ሊኑክስ ሚንትም አለ። ፋየርዎሉ ግን እዚያ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ራስህ ታበራዋለህ።


መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ማራዘሚያውን ነገ እሞክራለሁ። ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶው ራሱ በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቭ ነው ይላል፣ ክራክ የሆነው ኦፊሱ ብቻ ነበር።

የመጨረሻ ጥያቄ። ዋይፋዩ ላይ ፐብሊክ ወይስ ፕራይቬት ይላል። ቤቴ ስለሆነ ፕራይቬት ነው ያደረግኩት። ፋየርዎሉ አልፎ አልፎ «ይህን ፕሮግራም ልፍቀድ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ሁሌ አላው እላለሁ። ስህተት ነው?


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ፐብሊክ ያድርጉት። ፕራይቬት ማለት «በዚህ ዋይፋይ ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮች ሁሉ አምናለሁ» ማለት ነው። እርስዎ አራት ተከራይ ናችሁ። የጎረቤቱን ልጅ ቢያምኑት እንኳ ላፕቶፑ ላይ ምን እንዳለ አያውቁም።

ስለ «ልፍቀድ?» ደግሞ፦ ፋየርዎሉ የሚያስቆመው ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣውን ነው። ከውስጥ የሚወጣውን አይጠይቅም። ስለዚህ ካንስል ቢሉትም ብሮውዘሩም ቴሌግራሙም ይሠራሉ። ስሙን የማያውቁት ፕሮግራም ሲጠይቅ ካንስል ይበሉ። ልጆቹ በኔትወርክ እርስ በርስ የሚጫወቱት ጌም ካለ ያኔ ብቻ ነው አላው የሚያስፈልገው። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቫይረሱ አንዴ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ውጭ ሲደውል ፋየርዎሉ ዝም ነው የሚለው። ለዚህ ነው ኤክስክሉዥኑ ያን ያህል ያሳሰበኝ።

ሌላ የሚነካ ነገር የለም። ታምፐር ፕሮቴክሽን የሚለው ይብራ፣ አንቲቫይረሱን ሌላ ፕሮግራም እንዳያጠፋው ይከላከላል። ፈተናዎቹን ደግሞ ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። አንዱ ፍላሽ ለፕሪንት ብቻ ይሁን፤ ሌላው ከቤት የማይወጣ።


መምህርት_ሰኞገበያ (ደሴ)
ሐሙስ፣ ማታ 1፡20

ሁሉንም አደረግኩ። ፐብሊክ ሳደርገው ፕሪንተር ያላት ጎረቤቴ «የኔ አይሠራም እንዴ ታዲያ?» አለችኝ። የሷ በገመድ ነው የሚሰካው።

ዛሬ ፒያሳ ሄጄ ፈተናውን ፕሪንት አስደረግኩ። 62 ኮፒ። ፍላሹን ቤት እንደመለስኩ ራይት ክሊክ አድርጌ ስካን አልኩት። አንድ ነገር ያዘ፣ አጸዳው። ቀስት የለም። የፕሪንት ቤቱ ልጅ ደግ ልጅ ነው። ነገ ተመልሼ ኤክስክሉዥንስ የሚለውን አሳየዋለሁ።


ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)
ሐሙስ፣ ማታ 1፡35

በገመድ ከሆነ ፋየርዎሉ አይነካውም፣ ይሠራል። ለልጁም የክራኩን ፎልደር ጭምር ያሳዩት። በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ ሲያስቡት፣ እሱ ጋ የጸዳ ማሽን ለግማሽ ፒያሳ ይተርፋል።